የወረዳ ላይብረሪ ካታሎግ፦ ዴዊን እንያዝ ወይስ የራሳችንን እናውጣ?

ጓሳ_ነፋስ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። መንዝ ውስጥ በአንዲት ከተማ ላይብረሪ ነው የምሠራው። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ሥራው ሲገኝ "መጽሐፍ መቁጠርም ቁጥር ነው" ብዬ ገባሁበት።

መጻሕፍቱ የሦስት ጊዜ ክምር ናቸው። የመጀመሪያው ከድሮው የሕዝብ ላይብረሪ የቀረ ነው። ጀርባቸው ላይ በእጅ የተጻፈ የዴዊ ቁጥር (መጽሐፍን በጉዳዩ የሚመድበው የቁጥር ሥርዓት) አለ፤ ቁጥሩን የሚያነብልኝ ሰው ግን ከተማው ውስጥ የለም። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች የለገሱት ነው፤ አብዛኛው አማርኛ፣ ጥሩ ጥሩ መጽሐፍ። ሦስተኛው ከውጭ በካርቶን የመጣ እንግሊዝኛ ነው (ስለ ፍሎሪዳ የግብር ሕግ መንዝ ላይ ማን ያንብብ?)። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ዝርዝሩን በኮምፒውተር ጽፎት ነበር፤ ፋይሉን ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል።

ኃላፊዬ "ፈረንጅ ያወጣው ቁጥር ምን ይሠራልናል፤ ታሪክ 1፣ ታሪክ 2፣ ልቦለድ 1 እያልክ ቀጥል" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ቀላል ስለሆነ ልቤ ወደዚያ ያደላል። ግን ነገ ከሌላ ላይብረሪ ጋር ዝርዝር እንለዋወጥ ብንል፣ ወይ እኔ ብቀየርና ሌላ ሰው ቢመጣ ምን ይውጠዋል?

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ከውጭ የመጣ መዝገብ ላይ የደራሲው የአባት ስም ቀድሞ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የራሱ ስም ተጽፎ አያለሁ። እንደሱ ነው መጻፍ ያለብኝ? በዚያ ላይ አንድ ተማሪ "ስለ ዘርዓ ያዕቆብ የተጻፈ አላችሁ?" ሲለኝ ዝርዝሩ ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘርአ ያዕቆብ፣ ዘረ ያዕቆብ፣ ዘርዐ ያእቆብ የሚል አገኘሁ። ሁሉም አንድ ሰው መሆናቸውንም እንጃ።

የምታውቁ እርዱኝ።


የካርድ_ሣጥን መለሰች፦

ልጄ፣ ኃላፊህን በአክብሮት እምቢ በለው።

"ታሪክ 1፣ ታሪክ 2" የሚባለው መጽሐፉ የገባበትን ተራ ነው የሚነግርህ። ዛሬ የገባው የአድዋ መጽሐፍ ታሪክ 4 ይሆናል፤ ከርሞ የሚመጣው የአድዋ መጽሐፍ ታሪክ 212 ይሆናል። አንዱ በር ላይ አንዱ ጓዳ። አንባቢው አንዱን አግኝቶ ሌላው እንዳለ ሳያውቅ ይሄዳል። የገቢ ተራውን በመዝገብ ቁጥር ያዘው፣ እሱ ለንብረት ቆጠራ ይጠቅምሃል፤ አካውንታንት ስለሆንክ ይገባሃል። መደርደሪያ ላይ ግን መጽሐፍ የሚቆመው በጉዳዩ ነው።

ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ነው የወጣው። ያወጣው ሰው ዴዊ አሜሪካዊ ስለሆነ ሥርዓቱም አሜሪካ አሜሪካ ይሸታል። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን በሙሉ ለብቻው ይዟል፤ የእኛ አማርኛ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ተጣብቦ 892.87 ላይ ነው ያለው። ከ220 እስከ 289 ያለው ሁሉ ለክርስትና ተሰጥቶ ሲያበቃ የእኛ ቤተ ክርስቲያን 281.75 ላይ ተወስናለች፤ እስልምና በሞላ 297 ውስጥ ገብቷል። ቅር ያሰኛል፣ እኔንም ቅር ይለኛል። ግን ቁጥሩ ደብረ ብርሃንም ናይሮቢም ለንደንም አንድ ነው፤ የራስህን ካወጣህ የሚያነበው አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ ትቀየራለህ።

ለአንተ መጠን ላይብረሪ ባለ ሦስት አኃዝ ይበቃል። እነዚህን አንድ ሺህ ቁጥሮች በነፃ ታገኛቸዋለህ። ሙሉው ዝርዝር ግን ኦሲኤልሲ የሚባለው ድርጅት ንብረት ስለሆነ ይከፈልበታል፤ አያስፈልግህም። በደንብ ልትዘረዝር የሚገባህ የራሳችንን ነው፣ ምክንያቱም ክምሩ ያለው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ ጂኦግራፊና የጉዞ መጽሐፍ 916.3፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የግዕዝ ቋንቋ 492.81። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ 892.87 ብለህ ግጥም ከሆነ 1፣ ቴአትር ከሆነ 2፣ ልቦለድ ከሆነ 3 ትጨምርበታለህ። ስለዚህ የአማርኛ ልቦለድ 892.873 ነው። ከሥሩ የደራሲውን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደል በግዕዝ ጻፍ፣ በላቲን አይደለም።

የእርሻ መጻሕፍት ካሉህ ደግሞ በግ 636.3 ነው፣ ገብስ 633.16። መንዝ ሆነህ እነዚህን ሁለቱን በቃልህ ካልያዝክ አዝንብሃለሁ።

የድሮዎቹን ቁጥር አትፋቅ። የጻፈው ሰው ማንም ይሁን ሙያውን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ተዘጋጅቶ የጠበቀህ ሥራ ነው።

የፍሎሪዳውን ግብር በተመለከተ፣ የስጦታ መጽሐፍ ሁሉ መደርደሪያ መውጣት አለበት ያለ የለም። ኮሚቴ አስፈርምና አስወግደው።


ተጉለቴው መለሰ፦

እትዬ የቁጥሩን ጨርሰውታል፣ እኔ ስሙ ላይ ልምጣ። የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ካታሎግ ላይ ነው የምሠራው፤ ከዚህ የባሰ ራስ ምታት የለም።

መገልበጥ የለም! የኢትዮጵያዊ ስም በራሱ ስም ይጀምራል፣ የአባት ስም ይከተላል፣ ኮማ አይገባበትም። ይሄ የእኔ የግል እልህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የእንግሊዝኛው ዓለም የካታሎግ ደንብም ሆነ እሱን በ2010 የተካው አርዲኤ ስም እንደ ባለቤቱ አገር ልማድ ይግባ ነው የሚሉት። ማርክ ላይ (ላይብረሪዎች ዝርዝራቸውን በኮምፒውተር የሚጽፉበት የጋራ ቅርጽ ነው) ደግሞ ቦታው ተዘጋጅቶልሃል። 100 ቁጥር መስክ ላይ የመጀመሪያው አመልካች 0 ከሆነ በራስ ስም የሚጀምር፣ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም የሚጀምር ማለት ነው። ለእኛ 0። ተገልብጦ የምታየው ወይ ደንቡን ያላነበበ ሰው የሠራው ነው፣ ወይ "የመጨረሻ ስም" የሚል ሣጥን ያለው ቅጽ አስገድዶት ነው።

ማዕረግም እንደዚሁ። ብላታ፣ ደጃዝማች፣ አባ፣ ሊቀ ጠበብት፣ ዶክተር እያልክ ከጀመርክ ግማሹ ካታሎግህ "ደ" ሥር፣ ግማሹ "አ" ሥር ይከማችና ሰው የሚፈልገው ይጠፋል። ማዕረጉን ከስሙ በኋላ አድርገው።

አሁን የፊደሉ ነገር። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። አንባቢው በመሰለው ነው የሚጽፈው፣ መብቱም ነው። አንተ ግን ሁለት ነገር ለይ። የመጽሐፉ ርዕስ ሽፋኑ ላይ እንደተጻፈ ይገባል፤ አሳታሚው "ፀሐይ" ካለ "ፀሐይ"፣ "ጸሀይ" ካለ "ጸሀይ"፣ አታርመው። የሰው ስምና የርዕሰ ጉዳይ መጠሪያ ግን አንድ ቁርጥ ያለ አጻጻፍ ይኑረው። ያንን በአንድ ደብተር ያዝ፤ ኦቶሪቲ ፋይል የሚባለው ይኸው ነው፣ ስሙ አያስፈራህ። በአንድ ረድፍ የመረጥከው አጻጻፍ፣ በጎኑ ሰው ሊጽፋቸው የሚችሉት ሌሎቹ ሁሉ። "ዘርአ ያዕቆብ" ብሎ የመጣውን "ዘርዓ ያዕቆብን ይመልከቱ" ብለህ ትመልሰዋለህ።

የአንተ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ ልክ ጠርጥረሃል፣ ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንዱ ንጉሡ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠውና ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው። ሌላው ፈላስፋው ነው፣ የአክሱሙ፣ ሐተታ በሚባለው የፍልስፍና መጽሐፉ መሠረት በ1599 የተወለደው። መካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ስለዚህ "ዘርዓ ያዕቆብ፣ ንጉሠ ነገሥት" እና "ዘርዓ ያዕቆብ፣ ፈላስፋ" ብለህ ለያቸው። የሐተታው ጸሐፊ በእርግጥ እሱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ የሚለው የሊቃውንት ሙግት ገና አላለቀም። አንተ ግን ዳኛ አይደለህም። መጽሐፉ ያለውን ትመዘግባለህ፣ ክርክሩ ካሳሰበህ ማስታወሻ መስክ አለልህ።

ሰሜን ሸዋ ላይ ተቀምጠን ይሄን ሁለት ሰው ካደባለቅን ግን ያሳፍራል።


ጓሳ_ነፋስ፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፤ ተጉለቴው አንተም ተባረክ። ኃላፊዬን ለማሳመን የበጉ ቁጥር ብቻውን ይበቃኛል መሰለኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ዓመተ ምሕረት። መጽሐፉ 1965 ይላል፣ ከውጭ የሚመጣው መዝገብ ላይ 1972 ወይ 1973 ይላል፤ የትኛውን ልመዝግብ? ሁለተኛ የቦታ ስም። ከንጉሡ ዘመን የቀሩ ሪፖርቶች አሉን፦ መንዝና ግሼ አውራጃ፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ መርሐቤቴ አውራጃ የሚሉ። ዛሬ አውራጃ የሚባል የለም። በየትኛው ስም ላስገባቸው?


ሰርቨሩ_በረደው መለሰ፦

አቦ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እናስተካክል፣ የቀረው ይደረሳል።

የተበላሸብህ ፋይል አልተበላሸም። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት (እኛ ጋ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ) እያንዳንዱ ፎንት ፊደሉን በመሰለው ቦታ ነበር የሚያስቀምጠው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍተው ዝባዝንኬ ታያለህ። ፎንቱን ፈልገህ ጫን፣ ከታየህ በኋላ በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ አዙረው። አንድ ጊዜ ትለፋለህ፣ ከዚያ ተገላገልክ። ከመቀየርህ በፊት ግን ኮፒ አስቀምጥ።

ዛሬውኑ ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ሶፍትዌር ልጫን እንዳትል። ኮሃ በጣም ጥሩ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ የአንድ ወረዳ የምታህል አካባቢ ላይብረሪ ናት እ.ኤ.አ. በ2000 መባቻ ያሠራችው። ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚነካካው ሰው ይፈልጋል። በኤክሴል ጀምር። አምዶቹን ግን ማርክን እያሰብክ አውጣቸው፦ ደራሲ (100)፣ ርዕስ (245)፣ አሳታሚና ዓመት (264)፣ ገጽ (300)፣ ርዕሰ ጉዳይ (650)፣ ቦታ እንደ ርዕሰ ጉዳይ (651)፣ ዴዊ (082)፣ ካለው አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (020)። አንድ አምድ ውስጥ ሁለት ነገር አትክተት፤ "አዲስ አበባ 1965 250 ገጽ" ብለህ አንድ ላይ ከጻፍከው ኋላ የሚለያየው አንተው ነህ፣ በእጅህ። አምዶቹ ንጹሕ ከሆኑ ማርክኤዲት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሠንጠረዡን በሙሉ ወደ ማርክ ይቀይርልሃል፣ ያን ጊዜ ኮሃም በለው ሌላ ይቀበለዋል።

ማርክ ራሱ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ሥራ ነው፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ። ሔንሪየት አቭራም የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራመር ናት የመራችው፤ ላይብረሪያን አልነበረችም (ስለዚህ አካውንታንት ነኝ ብለህ አትሸማቀቅ)። ዋናው ሐሳብ አንድ ላይብረሪ የሠራውን ሌላው ዳግም እንዳይሠራ ነው። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍትህ ይሄ ወርቅ ነው፦ አይኤስቢኤኑን አስገብተህ ፈልግ፣ ሙሉ መዝገቡን ቅዳ፣ ጨርሰሃል። ኮሃ ዜድ 39.50 በሚባለው መንገድ በቀጥታ ከኮንግረስ ላይብረሪ ይጎትትልሃል።

ለአማርኛው ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርስህ። ኮንግረስ ላይብረሪ ናይሮቢ ባለው ቢሮው የኢትዮጵያን መጻሕፍት ይሰበስባል፣ ስለዚህ መዝገቡ ብዙ ጊዜ አለ። ግን በላቲን ፊደል ነው፣ ያውም ከላይ ሰረዝ ከሥር ነጥብ እያደረገ። ምክንያቱም የድሮው የማርክ የፊደል ስብስብ ውስጥ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ሲሪሊክ፣ የቻይናና የጃፓን የኮሪያም ሲኖር ግዕዝ አልነበረም። ስለዚህ ዴዊ ቁጥሩንና ርዕሰ ጉዳዩን ከነሱ ውሰድ፣ ርዕሱንና ስሙን ራስህ በፊደላችን ጻፍ። ላቲኑን ጨርሶ አትጣለው፤ 880 የሚባል መስክ አለ፣ ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን ለማሰር የተሠራ። ብዙው የአማርኛ መጽሐፍ አይኤስቢኤን የለውም፣ ካለው ግን የኢትዮጵያው መለያ 99944 ስለሆነ በሱ ታውቀዋለህ።

ወደ ኮሃ ስትሄድ ደግሞ ንገረኝ። ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) አይሲዩ በሚባለው መንገድ ካቆምከው ሐንና ኀን ሀ ብለህ አንብብ፣ ሠን ሰ፣ ዐን አ፣ ፀን ጸ የሚል ሕግ ልታስገባ ትችላለህ። የሚታየው አይቀየርም፣ ሲፈለግ ብቻ ነው አንድ የሚሆነው። ያለዚያ ኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ መሀል ረን አስገብቶ ነው የሚደረድረው፣ ፊደል ገበታው እንደዚያ ነዋ። ሌላው ጣጣ የርዕሱ "የ" ነው። የአማርኛ ርዕስ ስንቱ ነው በ"የ" የሚጀምር! በርዕስ ብቻ ከደረደርክ ግማሽ ላይብረሪህ "የ" ሥር ተሰልፎ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሰው በቁልፍ ቃልና በርዕሰ ጉዳይ እንዲፈልግ አመቻች።

ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አምድ ያዘው። አንዱ መጽሐፉ ላይ እንዳለ፣ 1965። ሌላው በፈረንጅ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት፤ መጽሐፉ ወሩን ካልነገረህ "1972 ወይም 1973" ብለህ በማዕዘን ቅንፍ አስገባ። ካልለየኸው የእኛ 2010 የታተመው ከፈረንጅ 2010 ጋር ይሰለፍና ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ መስሎ ቁጭ ይላል።


ቾክ_በእጁ መለሰ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ጋ ትንሽ ልቃወም። ሸዋ ሮቢት ነው የማስተምረው፣ የትምህርት ቤት ላይብረሪም ደርቤ እይዛለሁ። ለአንድ ክፍል መጽሐፍ ማርክ፣ 880፣ አይሲዩ ትሉታላችሁ? ልጆቹ ካታሎግ አይነኩም። ይገባሉ፣ መደርደሪያው ጋ ይሄዳሉ፣ ሽፋኑ ያማረውን ይመዛሉ። እኔ በትላልቅ ፊደል "ታሪክ"፣ "ባዮሎጂ"፣ "ልቦለድ" ብዬ ለጥፌ ሥራዬን እሠራለሁ። ሰውየው ይሄን ሁሉ ካታሎግ ሲያደርግ ላይብረሪው ዓመት ሙሉ ሊዘጋ ነው።


የካርድ_ሣጥን፦

አስተማሪው ግማሽ እውነት አለው። ጓሳ፣ በር አትዝጋ። ክምሩን ከፋፍለህ፣ ሰው የሚጠይቀውን አማርኛ አስቀድመህ፣ ከፍተህ ሥራ። በትልቁ መለጠፉም ጥሩ ነው፤ "963" የሚለው ብቻውን ለማንም አይናገርም፣ ከላዩ "የኢትዮጵያ ታሪክ" በልበት።

ግን መምህር፣ መጽሐፍ ሊቆም የሚችለው አንድ ቦታ ነው። አንድ የመንዝ ቄስ ጣሊያን ሲመጣ ጫካ ገብተው አርበኛ ሆኑ፣ ከነፃነት በኋላ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ልጃቸው ታሪካቸውን ጻፈ እንበል። የሕይወት ታሪክ ነው? የጦርነት ነው? የቤተ ክርስቲያን? የመንዝ? አንዱ ጋ ታቆመዋለህ፣ ሦስቱ ጋ ይጠፋል። ካታሎጉ ነው አራቱም ጋ እንዲገኝ የሚያደርገው። ደግሞ አንባቢ ተውሶ የወሰደው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይታይም፤ ልጁ "የለም" ብሎ ይሄዳል። ካታሎግ ቢያይ ተመልሶ ይመጣ ነበር።


ቾክ_በእጁ፦

የተዋሱት ነገር ገብቶኛል፣ እሱ እውነት ነው። ማርኩን ግን አሁንም አልዋጥኩም።


ተጉለቴው፦

እሱን ሰርቨሩ ይዋጥልህ፣ አንተ አምዶቹን ብቻ ሙላ 😄

ጓሳ፣ የቦታ ስም ጥያቄህ ጥሩ ነው። የኮንግረስ ላይብረሪ ልማድ ቦታው ስሙን ብቻ ከቀየረ ለርዕሰ ጉዳይ የመጨረሻውን ስም ነው የሚይዘው። አውራጃው ግን ስሙን ብቻ አይደለም የቀየረው፣ ፈራርሶ ወደ ብዙ ወረዳ ተበትኗል። ስለዚህ እኔ ብሆን ሪፖርቱን በራሱ ዘመን ስም አስገባዋለሁ፣ "ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ" ብዬ፣ ከዚያ ደግሞ የዛሬውን "ሰሜን ሸዋ ዞን" ተጨማሪ መጠሪያ እሰጠዋለሁ። የሚፈልገው ሰው በሁለቱም ይደርሳል። ሽማግሌው በአውራጃ ነው የሚጠይቅህ፣ ተማሪው በዞን።

ሰሜን ሸዋ ስትል ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ሁለት ነው። አንዱ የእኛው የአማራ ክልል ነው፣ ደብረ ብርሃን ያለበት። ሌላው የኦሮሚያው ነው፣ ፍቼ ያለበት፤ ደብረ ሊባኖስም እዚያ ነው። "ሰሜን ሸዋ ዞን፣ አማራ ክልል" እና "ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ኦሮሚያ ክልል" በል። ሌላ ላይብረሪ ጋር ዝርዝር የተቀላቀለ ቀን ይሄ አጭር ጽሑፍ ስንት ጸብ እንደሚያስቀር።

ርዕሰ ጉዳዩን በአማርኛ ጻፍ፣ አንባቢህ በአማርኛ ነው የሚያስበው። የኮንግረስ ላይብረሪው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የተከማቸ ነው፣ በጣም ሰፊ ነው፣ ለአንተ ይበዛል። ለትንንሽ ላይብረሪ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣው ሲርስ የሚባለው ዝርዝር አካሄዱን ለመማር ይሻልሃል። ከእንግሊዝኛው መዝገብ የቀዳኸው መጠሪያ ካለ በራሱ አምድ ተወው፣ አትተርጉመውና አታጥፋው። ግን ሁሉንም እንደ ወረደ አትቀበል። ምሳሌ ልስጥህ። በነሱ ዝርዝር ሁለተኛው የጣሊያን ጦርነት እ.ኤ.አ. 1935–1936 ተብሎ ተዘግቷል። ለኛ የሸዋ ሰዎች እዚያ ላይ ነው እኮ የተጀመረው! ራስ አበበ አረጋይ መንዝና ቡልጋ ላይ የተዋጉት ከዚያ በኋላ ነው። ላይብረሪህ ውስጥ በብዛት የሚጠየቀው ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ "የአርበኞች ትግል፣ 1928–1933 ዓ.ም." የሚል የራስህ መጠሪያ አውጣ፣ ከሥሩ ቦታውን ጨምርበት፦ መንዝ፣ ቡልጋ፣ ይፋት። ቁጥር አትፍጠር የተባልከው ለመደርደሪያው ነው፤ መጠሪያ ሲጎድል መፍጠር ትችላለህ፣ እንዲያውም አለብህ፣ ብቻ ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ ዛሬ "አርበኞች" ነገ "የአርበኝነት ተጋድሎ" እንዳትል።

የብራና ነገር ካነሡብህ (መንዝ ላይ ማንሣታቸው አይቀርም) ከመጽሐፍ ዝርዝር ጋር አትቀላቅለው። ብራና ሌላ ሙያ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች ካታሎግ ምን እንደሚመስል እይ፤ ከሠሩት አንዱ የሸንኮራው ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ያንን ስታይ የእኛ ሥራ ጨዋታ መሆኑ ይገባሃል።


ጓሳ_ነፋስ፦

እሺ፣ ኤክሴሉን ከፍቻለሁ። አምዶቹን ሰርቨሩ እንዳለው አወጣኋቸው። አማርኛውን አስቀድማለሁ፣ ከ963 እጀምራለሁ። ኃላፊዬ "በግ ቁጥር አለው?" ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ "ቀጥል" አለኝ።

አንድ ተራ ጥያቄ ቀረችኝ። ጀርባው ላይ የምለጥፈው ወረቀት አይይዝም፣ በሳምንቱ ይላቀቃል። ብርዱ ይሁን ሙጫው እንጃ። በስኮች ልጠቅልለው?


የካርድ_ሣጥን፦

ስኮች አትንካ! ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲላጥ ሽፋኑን ይዞ ይወጣል። የመጽሐፉን ጀርባ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አቧራው ነው የማያስይዝህ። ቁጥሩን ከግርጌው ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ለጥፍ፣ ሁሉም መጽሐፍ ላይ እኩል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ከሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ ጻፈው፤ ወረቀቱ ቢላቀቅ እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም። በእርሳስ አልኩህ፣ በእስክሪብቶ አይደለም።


ሰርቨሩ_በረደው፦

ኤክሴሉን ደግሞ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርገህ ቤትህ አስቀምጥ። የቢሮው ማሽን ላይ ብቻ አትተወው።